የቤት እባብን ጠባይ ማንበብ፦ ከማደሪያው እስከ እጅ

የእባብን ስሜት ከፊቱ መገመት አይቻልም። የዐይን ቆብ ስለሌለው አይጨፍንም፣ የሚጥለው ወይም የሚያቆመው ጆሮ የለውም፣ ደስ ሲለውም እንደ ውሻ ጭራውን አይቆላም። በዚህ የተነሣ ጀማሪ አሳዳጊ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ ይወድቃል፤ እባቡ ጸጥ ሲል «ለምዶኛል» ብሎ ይዘናጋል፣ ሲንቀሳቀስ ደግሞ «ሊነክሰኝ ነው» ብሎ እጁን ይሰበስባል። የእባብ ጠባይ የሚነበበው በአንገቱ አቀማመጥ፣ በምላሱ እንቅስቃሴ፣ በትንፋሹና በጡንቻው ውጥረት ሲሆን፣ እነዚህን ለይቶ ማየት የለመደ ሰው እባቡ ከመንከሱ ብዙ ቀደም ብሎ ምን እንደሚፈልግ ይረዳል።

ከልምድ የተማርኩትና በዚህ መመሪያ ደጋግሜ የምመለስበት ነጥብ አንድ ነው፤ በእጅ ላይ የሚታይ መጥፎ ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ማደሪያው ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከማደሪያው ሲሆን ወደ እጅ የሚደረሰው በመጨረሻ ነው። መመሪያው የሚያገለግለው መርዝ ለሌላቸውና በቤት ውስጥ በብዛት ለሚያዙት ለቦል ፓይተን፣ ለኮርን ስኔክ፣ ለኪንግ ስኔክና ለቦአ ነው። መርዛማ እባብን መያዝ የተለየ ሥልጠናና ዝግጅት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ያለውን ምክር በመርዛማ እባብ ላይ መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

እባቡ ዓለምን የሚያውቅበትን መንገድ ይረዱ

እባብ ምላሱን ብቅ ጥልቅ ሲያደርግ እያሸተተ ነው። መንታው ምላስ ከአየሩና ከመሬቱ የሽታ ቅንጣቶችን ሰብስቦ ወደ አፉ ያስገባል፤ ከዚያም በላንቃው ላይ ለሚገኘው፣ የጃኮብሰን አካል ተብሎ ለሚጠራው የማሽተቻ ክፍል ያደርሳል። ምላሱ ሁለት ጫፍ ያለው መሆኑም ሽታው ከግራ ይሁን ከቀኝ በርትቶ እንደሚመጣ ለመለየት ይረዳዋል። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው፤ አይጥ ወይም ጥንቸል የነካ እጅ ለእባቡ ምግብ ምግብ ይሸተዋል።

ቦል ፓይተንን የመሳሰሉ ፓይተኖች ደግሞ በከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ሙቀትን የሚለዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሏቸው። ኮርን ስኔክ እነዚህ ጉድጓዶች የሉትም። በጨለማ መደበቂያ ውስጥ በድንገት የገባ ሞቃት እጅ ለፓይተኑ ከሞቃት አይጥ ብዙም የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው። እባብ የውጭ ጆሮ ባይኖረውም ንዝረትን በታችኛው የመንጋጋ አጥንቱ በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮው ስለሚቀበል፣ ማደሪያውን ከልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከድምፅ ማጉያና በየጊዜው እየተወረወረ ከሚዘጋ በር ያርቁት።

ማደሪያውን በመለኪያ ይፈትሹ

እባብ እንደ ሰው የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም። ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው፣ ሲበርደው ወደ ሞቃቱ ቦታ እየተሳበ ልኩን ይጠብቃል፤ ምግቡ የሚፈጨውም በዚሁ ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ነው። ስለዚህ የማደሪያው አንድ ጎን ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። ኮርን ስኔክ ከዚህ ዝቅ ያለ ሙቀት የሚወድ በመሆኑ ከ28 እስከ 31 ዲግሪ ያለው ሞቃት ጎንና ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ያለው ቀዝቃዛ ጎን ይስማማዋል። ሙቀቱን መለካት ያለብዎ እባቡ በሚተኛበት ቦታ፣ ማለትም በመደበቂያው ውስጥ ወለሉ ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተለጠፈ ቴርሞሜትር የሚነግርዎ ማንም ስለማይተኛበት አየር ነው። ማንኛውንም ማሞቂያ፣ አምፖልም ይሁን ምንጣፍ፣ ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን በሚያበራና በሚያጠፋ መሣሪያ፣ በቴርሞስታት፣ መቆጣጠር ግዴታ ነው። በኤሌክትሪክ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይ እባቡን ሳይታወቀው ሆዱን ስለሚያቃጥለው ጨርሶ አይጠቀሙበት።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ያየሁት ነገር ስላለ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ለመንከስ የሚወረወር ኮርን ስኔክ ነበረኝ፤ ለሳምንታትም ተፈጥሮው ነው ብዬ ተቀብዬው ቆየሁ። አንድ ቀን ጉዝጓዙን ስቀይር የቴርሞስታቱ መለኪያ ሽቦ ከማሞቂያው ምንጣፍ ተላቆ ከውሃው ሳህን ሥር መውደቁን አየሁ። ሽቦው የሚያነበው የውሃውን ቅዝቃዜ ስለነበር ማሞቂያው ያለማቋረጥ ይሠራ ነበር፤ የሞቃቱን ጎን ወለል በመዳፌ ስነካው እጄን ማሳረፍ አልቻልኩም። ሽቦውን በቦታው አጥብቄ ካሰርኩ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ እባብ በሩ ሲከፈት ምላሱን እያወጣ ቀስ ብሎ የሚቀርብ ሆነ። በአያያዜ ላይ የለወጥኩት አንድም ነገር አልነበረም።

ከሙቀቱ ቀጥሎ መደበቂያውን ይመልከቱ። ቢያንስ ሁለት መደበቂያ፣ አንዱ በሞቃቱ አንዱ በቀዝቃዛው ጎን መኖር አለበት። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ከደኅንነትና ከተስማሚ ሙቀት አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል፤ ብዙውን ጊዜም ደኅንነትን ይመርጥና በብርድ ተቀምጦ ምግቡን መፍጨት ያቅተዋል። የመደበቂያው ስፋት እባቡ ተጠቅልሎ ሲተኛ ግድግዳዎቹ ሰውነቱን የሚነኩት ያህል ጠበብ ያለ ይሁን። ለሰው ዐይን የተጨናነቀ የሚመስለው ይህ ጥበት ለእባቡ እረፍት ነው፤ ዙሪያውን ባዶ አየር የሚሰማው እባብ ግን ተደብቆም ቢሆን ጠላት የሚመጣበትን አቅጣጫ እየጠበቀ ያድራል።

የቀረውን ባጭሩ ልጥቀሰው። ማደሪያው እባቡ ሰውነቱን ሙሉ ለሙሉ ዘርግቶ የሚተኛበት ርዝመት ይኑረው። ለጉዝጓዝ እንደ ጥድ ያሉ ጠንካራ ሽታ ያላቸው ዛፎች ፍቅፋቂ የመተንፈሻ አካሉን ስለሚጎዳ የአስፐን ፍቅፋቂ ወይም የኮኮናት ልጥ ይምረጡ። ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ቀሪውንም ሰውነቱን የሚያሳልፍ መሆኑን አስታውሰው በሩን በቁልፍ ይዝጉ። በአንድ ማደሪያ ውስጥ አንድ እባብ ብቻ ያኑሩ፤ ኪንግ ስኔክ ሌሎች እባቦችን የሚበላ ሲሆን፣ ሌሎቹም ተደራርበው ሲተኙ የሚዋደዱ ቢመስሉም ብዙውን ጊዜ በአንድ ጥሩ ቦታ ላይ እየተሻሙ ነው።

ከመክፈትዎ በፊት በመስታወቱ በኩል ይመልከቱ

በሩን ከመክፈትዎ በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ቆመው ይመልከቱ። ቀኑን ሙሉ ተደብቆ የሚውል ቦል ፓይተን ጤነኛ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው በምሽትና በሌሊት ነውና አውጥተው «ሊያነቃቁት» አይሞክሩ። በአንጻሩ ቀንና ሌሊት መስታወቱን ተከትሎ እየዞረ አፍንጫውን ጠርዙ ላይ የሚፈትግ እባብ አንድ ነገር እየጎደለው ወይም እየበዛበት ነው፤ ሙቀቱ በዝቶ፣ መደበቂያው ሰፍቶ፣ ተርቦ፣ ወይም ወንድ ከሆነ የመራቢያው ወቅት ደርሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን እባብ «መውጣት ፈለገ» ብሎ ከማውጣት በፊት መለኪያዎቹን ማንበብ ይቀድማል።

በውሃ ሳህኑ ውስጥ ለሰዓታት የሚዘፈዘፍ እባብም እንዲሁ መልእክት አለው። ቆዳውን ሊለውጥ ሲቃረብ ይህን ማድረጉ የተለመደ ነው። ካልሆነ ግን ወይ ማደሪያው ከልክ በላይ ሞቋል፣ ወይ ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ተባዮች ይዘውታል። ተባዮቹ ከበርበሬ ፍሬ የሚያንሱ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ሆነው በዐይኑ ዙሪያ፣ በአገጩ ሥርና በውሃው ላይ ይታያሉ፤ በነጭ ሶፍት ሰውነቱን ቢያብሱት ሶፍቱ ላይ ያገኟቸዋል።

ቆዳ ሊለውጥ ሲል ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዐይኖቹም ወተት የተቀላቀለበት ሰማያዊ ይመስላሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐይኑ እንደገና ይጠራና ከዚያ ቆዳው ይወጣል። ዐይኑ በደበዘዘበት ጊዜ በደንብ ስለማያይ በቀላሉ ይደነግጣል፣ ይከላከላል፣ ምግብም ሊተው ይችላል፤ ስለዚህ ቆዳውን ሙሉ ለሙሉ እስኪጥል ድረስ አይንኩት፣ የማደሪያውን እርጥበት ግን ከፍ ያድርጉለት። ዐይኑን የሚሸፍነው ቅርፊት ከቀረው ቆዳ ጋር ሳይወጣ ቢቀር በወረንጦ ለመላጥ መሞከር ዐይኑን ሊያጠፋው ይችላል።

አፉን በሰፊው ከፍቶ ማዛጋቱ በተለይ ከበላ በኋላ መንጋጋውን ወደ ቦታው የሚመልስበት ልማድ ስለሆነ አያስደንግጥዎ። አፉን ከፍቶ ደጋግሞ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የሚያንኮራፋ ወይም በአፉና በአፍንጫው አረፋ የሚታይበት እባብ ግን የመተንፈሻ አካል ሕመም ሊኖረው ስለሚችል፣ የተሳቢ እንስሳትን ሕክምና ወደሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ፈጥኖ መሄድ ያስፈልጋል። ጭንቅላቱን ወደ ላይ አንጋጦ ያለ ምክንያት ሰማይ ሰማይ የሚያይ ወይም ሲገለብጡት መቃናት የሚያቅተው እባብም የነርቭ ችግር ምልክት እያሳየ ነው። ስፓይደር በሚባለው የቦል ፓይተን ቀለም ዓይነት ላይ የሚታየው የጭንቅላት መወዛወዝ ደግሞ ከቀለሙ ጋር የሚወረስ እንጂ በአያያዝ የሚመጣ ወይም የሚድን አይደለም። ቦል ፓይተን በተለይ በቀዝቃዛው ወቅት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምግብ ሊተው ይችላል፤ በየሳምንቱ በግራም ሚዛን እየመዘኑ ክብደቱ የሚታይ ለውጥ እስካላመጣ ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ ይበጃል።

እባቡን ያውጡ

አዲስ የመጣን እባብ ከ7 እስከ 14 ቀን ድረስ ውሃ ከመለወጥና ከማጽዳት በቀር አይንኩት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ችግር እስኪበላ መጠበቅ ደግሞ የተሻለ ነው። ከበላ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት አይያዝ። ሆዱ ሞልቶ ሳለ የተያዘ እባብ ምግቡን ሊተፋ ይችላል፤ መትፋት ደግሞ ጉሮሮውን በሆድ አሲድ የሚጎዳ ከባድ ነገር በመሆኑ ከዚያ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ካረፈ በኋላ በመጠኑ አነስ ያለ ምግብ ይሰጠዋል።

እጅዎን ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ፣ ከዚያም በሩን ቀስ ብለው ይክፈቱና ለአፍታ ይጠብቁ። እባቡ ጭንቅላቱን አንሥቶ አንገቱን እንደ ኤስ ፊደል አጥፎ ዐይኑን ከእጅዎ ካልነቀለ፣ ምግብ እየጠበቀ ወይም ሊከላከል ተዘጋጅቶ ነው። በዚህ ጊዜ በረጅም ቆልማማ ዘንግ ወይም በተጠቀለለ ወረቀት ሰውነቱን መሐል ላይ በቀስታ ነካ ያድርጉት። ይህ ንክኪ «አሁን የመጣው ምግብ አይደለም» የሚል ምልክት ይሆናል፤ በየጊዜው ከደገሙትም እባቡ ልዩነቱን ይማራል። ብዙ ሰዎች እባቡ በማደሪያው ውስጥ ከተመገበ ነካሽ ይሆናል ብለው ለምግብ ወደ ሌላ ሣጥን ያዛውሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ገና የበላን እባብ አንሥቶ መመለስ ለመንከስም ለመትፋትም ያጋልጣል፣ ይህ ቀላል ንክኪ ግን ያንኑ ችግር ያለ አደጋ ይፈታል። ምግቡንም ሁልጊዜ በረጅም ጉጠት ያቅርቡ። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሙሉ ለሙሉ የቀለጠና የሞቀ አይጥ በሕይወት ካለው ይመረጣል፤ በሕይወት ያለ አይጥ እባቡን ነክሶ ክፉኛ ሊያቆስለው ይችላልና።

ሲያነሡት ከላይ ወደ ታች አይውረዱበት። በዱር እባብን የሚያድኑት አሞራዎች የሚመጡት ከላይ ስለሆነ፣ ከላይ የመጣ እጅ ለእርሱ ጠላት ነው። ከጎን በኩል ገብተው ከሰውነቱ መሐል አንድ እጅ፣ ወደ ጭራው ጠጋ ብሎ ሌላ እጅ ከሥሩ ያስገቡና በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ ያንሡት። ጭንቅላቱን ወይም አንገቱን መጨበጥ፣ በጭራው አንጠልጥሎ ማንሣትም ክልክል ነው። ከሁሉ በላይ አያመንቱ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው አንድ ጊዜ የተነከሰ ሰው እባቡ ምላሱን ባወጣ ቁጥር እጁን ይስባል፤ የሚመጣና የሚሸሽ እጅ ደግሞ የሚያመልጥ አይጥ ስለሚመስል ንክሻውን ራሱ ይጠራዋል።

በእጅዎ ላይ ያንብቡት

የተረጋጋ ቦል ፓይተን በክንድ ላይ ምን እንደሚመስል በቅርብ ልግለጸው። መጀመሪያ ክብደቱ ይሰማዎታል፤ ሰውነቱ በመዳፍዎ ቅርጽ ላይ ይረግባል እንጂ እንደ ገመድ አይወጠርም። ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ይቀድማል፣ ምላሱ በዝግታና በረጅሙ ይወጣል፣ አየሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይውለበለባል፣ ይገባል። ወደ ክርንዎ ሲሳብ ጭራው በጣትዎ ላይ ላላ ብሎ ይጠመጠማል፤ እንዳይወድቅ የሚይዝበት እንጂ የሚያንቅበት አይደለም። የጎድን አጥንቶቹ ቀስ ብለው ሲሰፉና ሲጠቡ በክንድዎ ላይ ይሰማዎታል። ይህን ሁኔታ በደንብ አጥንተው ያስታውሱት፤ ሌላው ሁሉ የሚመዘነው ከዚህ ጋር ነው።

ምላሱ ቆሞ፣ ሰውነቱ ደንድኖ፣ ትንፋሹ ፈጥኖ ሳይንቀሳቀስ ቢቀመጥ ተረጋጋ ማለት አይደለም፤ ደርቆ ቀርቷል። ፈርቶ ጸጥ ያለን እባብ ለምዶ ጸጥ ካለው የሚለየው በዋናነት ምላሱ ነው፤ የሚያሸት እባብ አካባቢውን ለማወቅ ፈቃደኛ ነው፣ ማሽተት ያቆመ ግን ተደብቋል። ቦል ፓይተን ጭንቅላቱን መሐል አድርጎ እንደ ኳስ ቢጠቀለል እንዲፈታ በጣት አይጎትቱት፤ በሁለት መዳፍ እንደያዙት ሳይንቀሳቀሱ ይጠብቁት ወይም ይመልሱት። ኮርን ስኔክ ጭራውን በፍጥነት ሲያርገበግብ ደረቅ ቅጠል የሚንኳኳ ድምፅ ይሰማል፤ ማስጠንቀቂያ ነው። እፍ እያለ አየር ማስወጣትም ከዚሁ ይቆጠራል። መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከጭራው ሥር ከለቀቀ ፍርሃቱ ከልክ አልፏል። ከእጅ ወደ እጅ ሳያቋርጥ የሚሮጥ እባብ «ተጫዋች» ሳይሆን መውጫ የሚፈልግ ነው፤ አንዱን እጅ ከፊቱ ሌላውን ከኋላው እያደረጉ እንዲሳብ ይፍቀዱለት እንጂ አይጨብጡት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አያያዝ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ሲለምድ እስከ 20 ወይም 30 ደቂቃ ሊረዝም ይችላል። መቼ እንደሚያበቁ ማወቅ ከርዝመቱ ይበልጣል፤ የሚመልሱት ሲረጋጋ ነው። በታገለ ቁጥር የሚመለስ እባብ መታገል እንደሚያድነው ይማራል፣ ከረጋ በኋላ የሚመለስ ደግሞ በእጅ ላይ መርጋትን ይለምዳል። እባብ ባለቤቱን እንደ ውሻ ይወዳል ብዬ አልናገርም፤ ሽታዎንና አያያዝዎን ለይቶ ሥጋት አለመሆንዎን ማወቁ ግን ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ያንን እምነት መጠበቅም የአሳዳጊው ኃላፊነት ነው።

ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ቦአ ወይም ፓይተን ሲያዝ ሁለተኛ አዋቂ ሰው አጠገብ ይኑር፤ የትኛውንም አናቂ እባብ በአንገት ላይ አያጥልቁ።

ቢነክስዎ

ንክሻ ሁለት ዓይነት ነው። የመከላከያ ንክሻ መትቶ ወዲያው የሚለቅ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከጥቃቅን ጭረት አያልፍም። የምግብ ንክሻ ግን ነክሶ ይይዛል፣ ይጠመጠማልም። ጥርሶቹ ወደ ኋላ የታጠፉ በመሆናቸው እጅን መሳብ የእርስዎን ቆዳ ይቀድዳል፣ የእርሱንም ጥርስና መንጋጋ ይሰብራል። ስለዚህ አይሳቡ፤ ሰውነቱን ከጭራው በኩል ጀምረው ይፍቱት፣ ካለቀቀ ጭንቅላቱን በቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያድርጉት ወይም ጥቂት ጠብታ አልኮል በአፉ ጠርዝ ላይ ያንጠባጥቡ። ሲለቅ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥበው ፀረ ተህዋስ ይቀቡበት፤ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ከዚያ ተመልሰው ምክንያቱን ይፈልጉ፦ እጅዎ ምን ይሸት ነበር፣ የመጨረሻ ምግቡ መቼ ነበር፣ ዐይኑ ደብዝዞ ነበር ወይ፣ ሙቀቱ ስንት ነበር?

ሲመልሱት

ወደ ማደሪያው ሲመልሱት ከላይ አይልቀቁት፤ እጅዎን ከመደበቂያው አፍ ጋር አስተካክለው ራሱ ተስቦ እንዲገባ ይጠብቁ። ጭራው ከጣትዎ እስኪላቀቅ ድረስ እጅዎን አያንቀሳቅሱ። በሩን ቆልፉና ቁልፉን በእጅዎ ገፍተው ያረጋግጡ። እባብ ጤነኛ ቢሆንም ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል እጅዎን በሳሙና በደንብ ይታጠቡ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች እባቡንም የማደሪያውንም ዕቃ ባይነኩ ይመረጣል፣ የውሃ ሳህኑም በማዕድ ቤት ገንዳ አይታጠብ። በመጨረሻም በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የሁለቱን ጎን ሙቀት፣ ክብደቱን፣ በእጅ የቆየበትን ደቂቃና ያሳየውን ጠባይ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ከወር በኋላ ድንገት መወርወር ቢጀምር መጀመሪያ የሚገልጡት ያንን ገጽ ነው።